የዱር ወፍ ፎቶ እንዴት እናንሳ?

ዛሬ የዱር ወፍ ፎቶ ስለማንሳት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከሳይንስ መምህራችን ጋር ከጉና ግርጌ ወዳለ ወንዝ ወረድን። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ርብና ጉማራ የሚነሱበት ተራራችን ነው። ረግረጉ ላይ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አየን። ይቺ ዝይ በዱር የምትኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ሰማያዊው ቀለም በደንብ የሚታየው ደግሞ ስትበር ነው።

እኔም እሱን ላነሳ ብዬ የመምህራችንን ሞባይል ይዤ ሮጥኩ። ዝይዋ ብር አለች! ለካ እግሬ ሥር፣ ሣሩ ውስጥ እንቁላሎች አሉ። ወዲያው ቁራ ማንዣበብ ጀመረ። «ቶሎ ተመለሱ!» አሉ መምህራችን። ከካብ ኋላ ተደብቀን ዝም አልን። ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተመልሳ እንቁላሎቿን ታቀፈች። ያኔ ነው ያነሳኋት።

እንግዲህ ልብ በሉ፦
1. በማለዳ ሂዱ፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን።
2. ደማቅ ልብስ አትልበሱ፤ ተቀምጣችሁ ጠብቁ።
3. ጎጆ አትጠጉ። እናት ከተነሳች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ወይ ቁራ ይበላዋል።
4. ወንጭፍ ቤት ይቅር!

በፎቶው ላይ ዝይዋ የባቄላ ፍሬ ነው የምታክለው። ጓደኞቼ «ሰማያዊው የታለ?» ብለው ሳቁብኝ። አይታይም። እንቁላሎቹ ግን ከሥሯ አሉ።

ቸር ሰንብቱ!