«ዛሬ ማታ ይታያል»

ትምህርት አሥራ አንድ፤ የጊዜ ተውሳከ ግስና ገላጭ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች ሆይ፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ መካከል ወይም በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ጽሑፍ አገኛችሁ እንበል።

«ዛሬ ማታ በ12 ሰዓት ድንቅ ፊልም ይታያል። እንዳያመልጥዎ!»

ይህ የሲኒማ ማስታወቂያ ነው። ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ለመጥራት በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ሥዕል፣ በእጅ የሚታደል በራሪ ወረቀት፣ የተዋንያን ፎቶግራፍና የጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። እነዚህ ወረቀቶች የታሰቡት ለአንድ ምሽት ወይም ለአንድ ሳምንት ነው። ፊልሙ ታይቶ ሲያበቃ አንዳንዱ ይጣላል፤ አንዳንዱ የሸቀጥ መጠቅለያ ይሆናል፤ በሌላው ላይ ደግሞ አዲስ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ስለዚህ ከብዙዎቹ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። እነዚህን ጥቂቶች ፈልገው የሚሰበስቡ ሰዎችና ቤተ መዘክሮች በልዩ ልዩ አገሮች አሉ። የአዲስ አበባዎቹን የሲኒማ ኢትዮጵያን፣ የሲኒማ ኢምፓየርንና የሲኒማ አምባሳደርን ታሪክ ለመጻፍ ለሚነሣ ሰውም እንዲህ ያለው ወረቀት ማስረጃ ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። መንገደኛና ነጋዴ ሲመላለስ ከዕቃው ጋር ወረቀትም አብሮ ይጓዛል። እንግዲህ በከሚሴ፣ በባቲ ወይም በሰንበቴ የምትኖሩ ተማሪዎች «በእኛ አገር ምን ይገኛል?» ብላችሁ አትተዉት።

ለ. ማብራሪያ

ከላይ የተጠቀሰውን ዓረፍተ ነገር አስተውሉ። ማሰሪያ አንቀጹ «ይታያል» ነው። ይህ ግስ ብቻውን ጊዜውን ለይቶ አይናገርም፤ «አሁን ይታያል» ቢባል የአሁን፣ «ነገ ይታያል» ቢባል የትንቢት ጊዜ ይሆናልና። ጊዜውን የሚወስነው ከግሱ በፊት የመጣው የጊዜ ተውሳከ ግስ ነው። የጊዜ መግለጫዎችም ሁለት ዓይነት ናቸው።

1. ከተናጋሪው ቀን ተነሥተው የሚቆጠሩ፤ ምሳሌ፦ ዛሬ፣ ነገ፣ አምና፣ በቅርብ ቀን።
2. በራሳቸው የቆሙ፤ ምሳሌ፦ መስከረም 5 ቀን 1962 ዓ.ም.።

ማስታወቂያ ጸሐፊ አንባቢውን ማስቸኮል ስለሚፈልግ የመጀመሪያውን ዓይነት ይመርጣል። ለዚያ ዕለት አንባቢ ቃሉ ግልጽ ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን «ዛሬ» የተባለው የቱ ቀን እንደ ሆነ ከወረቀቱ አይታወቅም። ወረቀቱ ይቀራል፤ ቀኑ ይጠፋል። የሰብሳቢ ዋና ሥራም የጠፋውን ቀን መፈለግ ነው።

ሐ. ቀኑን ስትፈልጉ ልብ በሉ

ሰኞ በሚውለው የባቲ ገበያ ወይም በእናቶች የአንገት ጌጥ ላይ ጠገራ ብር አይታችሁ ይሆናል። በብሩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ተቀርጿል። ነገር ግን ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ የተመቱት ብሮችም ያንኑ ዓመት እንደ ያዙ ቀጥለዋል። ስለዚህ ጽሑፉ ብሩ የተመታበትን ዓመት በእርግጥ አይነግረንም። በፊልም ማስታወቂያ ላይ የሚገኝ ዓመትም ፊልሙ የተሠራበት እንጂ በአገራችን የታየበት ላይሆን ይችላል።

የዘመን አቆጣጠርም ያሳስታል። «ማዘር ኢንዲያ» የተባለው የህንድ ፊልም የወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ቀረበ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ በመካከላቸው ሰባት ዓመት ያህል አለ። ዓመታችን የሚጀምረው በመስከረም ስለ ሆነ 1957 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1965 ይዘልቃል። ስለዚህ ዓመት ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ።

ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመንን የመሰለ ጋዜጣ ቀኑን ከራስጌው ይይዛል። ማስታወቂያውን ብቻ ቆርጦ የሚያስቀር ሰው ቀኑን በገዛ መቀሱ ያጠፋል። የቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ ከሆነ ደግሞ ይገለበጣል እንጂ አይቆረጥም።

ወረቀቱ ዝም ሲል ሽማግሌዎችን ጠይቁ። በአንቱታ፣ በትሕትና፣ ሳትቸኩሉ ጠይቁ። ቀን የማያስታውስ ሰው ዘመን ያስታውሳልና «ከ1966ቱ አብዮት በፊት ነው? ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነው?» በሉ። በኦሮምኛ የነገሯችሁን በመጀመሪያ በዚያው በኦሮምኛ ጻፉ፤ ከዚያም ወደ አማርኛ መልሱ።

ወረቀቱን በፕላስተር አትጠግኑ፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ያበላሸዋል። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከተባይ ጠብቁት። የሰማችሁትን በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።

መ. የድርሰት ምሳሌ

የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ።

አንደኛ፦ «ይህ ወረቀት እጅግ ጥንታዊና ውብ ነው። ያየው ሁሉ ይደነቃል። ታላቅ ቅርስ ነው።»

ሁለተኛ፦ «በራሪ ወረቀቱ ከእጅ መዳፍ በጥቂቱ ይበልጣል። ቀድሞ ነጭ እንደ ነበረ ከታጠፈው ጫፉ ይታወቃል፤ ፀሐይ ያገኘው ፊቱ ግን ቢጫ ሆኗል። ከላይ ‹ዛሬ ማታ› ይላል፤ ቀንና ዓመት የለውም። በጀርባው በእርሳስ የተጻፈ የሂሳብ ድምር አለ። አያቴ ፊልሙን ያዩት ከ1966ቱ አብዮት በፊት፣ ለንግድ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ እንደ ሆነ ነግረውኛል። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።»

የመጀመሪያው ጸሐፊ አደነቀ እንጂ አላሳየንም። ሁለተኛው ያየውን፣ የሰማውንና የማያውቀውን ለያይቶ አቀረበ። ገላጭ ድርሰት የሚታመነው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሠ. መልመጃ

1. ማስታወቂያው የወጣው ጥር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው እንበል። የጊዜ ተውሳከ ግሱን በቁርጥ ቀን ተክታችሁ ዓረፍተ ነገሮቹን እንደገና ጻፉ።
ሀ) ፊልሙ ነገ ይታያል።
ለ) ፊልሙ ትናንት ታየ።
ሐ) ፊልሙ ከነገ ወዲያ ይታያል።

2. ከሚከተሉት ውስጥ በራሳቸው የቆሙትን ለዩ፤ ምክንያቱንም አስረዱ። ዘንድሮ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፤ ባለፈው ሳምንት፤ በ1968 ዓ.ም.።

3. ከቤተሰባችሁ አስፈቅዳችሁ አንድ አሮጌ ማስታወቂያ፣ ቲኬት ወይም ደረሰኝ ፈልጉ። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና ያላወቃችሁትን በሦስት አንቀጽ ግለጹ። ከግርጌው የጻፋችሁበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት አስፍሩ፤ የእናንተም «ዛሬ» መቼ እንደ ነበረ አንድ ቀን ይጠየቃልና።