ተከዜ ኮርቻ አይደለም፦ የዋግና የላስታ ተራሮችን ጉልህነት ስለ መለካት

አንድ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ማወቅ ብቻውን ለተራራ ወጪ ብዙም አይጠቅምም። ሰቆጣ ከተማ ራሷ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዋግ ደጋ 3,000 ሜትር የተጻፈበት ጫፍ ከጎረቤቱ ሸንተረር ጥቂት ብቻ ብቅ ያለ ጉብታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ፕሮሚነንስ፣ በእኛ አነጋገር ጉልህነት፣ የሚባለው መለኪያ የሚያስፈልገው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ከዚህ ጫፍ ተነስተን ወደሚበልጠው ተራራ ለመድረስ ቢያንስ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ድረስ የግድ መውረድ አለብን? የዚያ መንገድ ዝቅተኛ ቦታ ኮርቻ ይባላል። የጫፉ ከፍታ ሲቀነስ የኮርቻው ከፍታ፣ ጉልህነቱን ይሰጠናል።

ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው ኮርቻውን ሲፈልግ ነው። ከሰቆጣ በስተደቡብ ያለውን አቡነ ዮሴፍን (4,260 ሜትር ገደማ) እንውሰድ። የሚበልጡት የስሜን ተራሮች ከተከዜ ማዶ ናቸው። ካርታ የዘረጋ ሰው ዓይኑ ቶሎ ተከዜ ላይ ያርፍና የወንዙን ወለል ይቀንሳል። ይሄ ልክ አይደለም። ወንዙ የሚነሳው ከዚያው ከላስታ ስለሆነ ምንጩን በራስጌው መዞር ይቻላል። በጋሸና፣ በደብረ ዘቢጥና በጉና አድርጎ፣ ከዚያም በጎንደር ደጋ ይዞ፣ የተከዜን ውሃ ሳይነኩ ስሜን መግባት ይቻላል። የወልድያ ወረታን የቻይና መንገድ የሄደበት ሰው ይህን የውሃ መክፈያ ያውቀዋል፤ ግራና ቀኙ ገደል ነው፣ መኪናው ግን ደጋ ደጋውን ይሄዳል። ዙሩ ይረዝማል እንጂ ጉልህነት ርቀት አይቆጥርም። እንዲያውም በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ ሸለቆውን በውሃ ሲሞላው የየትኛውም ተራራ ጉልህነት በአንድ ሜትር አልተለወጠም።

የራስ ደጀን ነገር ለብቻው ነው። ከፍታው 4,550 ሜትር ሲሆን (በድሮው መማሪያ መጽሐፍ 4,620 ነበር) የሚበልጠውን ለማግኘት እስከ ኬንያ መውረድ ስለሚያስፈልግ ጉልህነቱ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል።

ለሰቆጣ ዙሪያ ሥራው በ1፡50,000 ካርታ ይሠራል። ከጫፉ ጀምሮ እየወረዱ፣ ጫፉን የከበበው ኮንቱር ከእሱ የሚበልጥ ሌላ ጫፍ አብሮ እስኪከብብ ድረስ መከተል ነው፤ ኮርቻው እዚያው አካባቢ ነው። ውጤቱ ግን አቀበቱን አይነግረንም። ጉልህነቱ ትንሽ የሆነ አምባ ዙሪያውን ገደል ሆኖ መውጫው አንድ በር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሱን በር ደግሞ ኮንቱር ሳይሆን የአገሩ እረኛ ነው የሚያሳየው።