አርባና ሰማንያው ቀን ለወላጆች የተሰጠ የትምህርት ጊዜ ነው

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅም በተወለደች በ80 ቀን መጠመቅ በቤተ ክርስቲያናችን የጸና ሥርዓት መሆኑን የማያውቅ ምእመን የለም። መምህራንም ምሥጢሩን ሲያብራሩ፥ አዳም በ40 ቀን ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን የሚናገረውን መጽሐፈ ኩፋሌንና የወለደች ሴት የምትነጻበትን ወራት የሚወስነውን የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ን ያስታውሱናል። ነገር ግን እነዚህ ቀኖች የሚቈጠሩት ለሕፃኑ ብቻ ነውን? ወላጆቹስ እስከዚያ ድረስ ምን ሊሠሩ ይገባቸዋል?

በቀድሞው ዘመን አካለ መጠን ያደረሰ ሰው ሊጠመቅ በፈለገ ጊዜ ንኡሰ ክርስቲያን እየተባለ አስቀድሞ ሃይማኖትን ይማር ነበር። ሕፃን ግን ከመጠመቁ በፊት ሊማር አይችልም። ስለዚህ እርሱ ሊማረው ይገባ የነበረው ትምህርት በወላጆቹና ክርስትና በሚያነሣው ሰው ላይ ይወድቃል። እነርሱ ሳይማሩ ቢቀሩ ልጁን በኋላ ማን ያስተምረዋል?

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስብ ለመረዳት በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ያለውን አቃቂ ቃሊቲን እንመልከት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በአቃቂ በኩል አለፈ፤ ከዚያም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ በቅርቡ ዘመን ደግሞ በቱሉ ዲምቱና በገላን በኩል ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ስለዚህ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ በዚያ አያሌ ነው። በትውልድ ስፍራው ቢሆን ኖሮ አያት ቀኑን ትቈጥርለት፥ የንስሐ አባትም ቤቱን ይጐበኙለት ነበር። እዚህ ግን ባል በሌሊት ፈረቃ ሲሠራ ያድራል፤ ሚስት ያለ ዘመድ በአራስ ቤት ብቻዋን ትውላለች፤ የንስሐ አባታቸውም በገጠር ቀርተዋል። ቀኑም ሲቃረብ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ድግሱ ይሆናል። ለበጉና ለጠላው ገንዘብ ይበደራሉ፤ ብድር ያጡ እንደ ሆነም «ጥቂት ይቈይ» ይባልና ሕፃኑ የተወሰነለት ቀን ያልፍበታል።

እንግዲህ ወላጆች በእነዚህ ቀኖች ሦስት ነገር ሊማሩ ይገባቸዋል።

አንደኛ፥ ጥምቀት ምን እንደ ሆነ ይወቁ። ጌታችን ለኒቆዲሞስ እንዳስተማረው (ዮሐ. 3፥5) ከውኃና ከመንፈስ የምንወለድበት ዳግመኛ ልደት ነው። ይህ ልደት ያለ ድግስ ይፈጸማል። በደስታ ቀን ጎረቤትን መጋበዝ መልካም ነው፤ ስለ ግብዣ ብሎ ልጅን ከልጅነት ጸጋ ማዘግየት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ሕፃኑም ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ቢሆን አርባውና ሰማንያው ቀን እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ፈጥኖ ካህን መጥራት ይገባል።

ሁለተኛ፥ ክርስትና የሚያነሣውን ሰው በማስተዋል ይምረጡ። ለወንድ የክርስትና አባት፥ ለሴት የክርስትና እናት የሚሆነው ሰው ስለ ሕፃኑ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅም ተመልሶ በሥላሴ ማመኑን ይመሰክራል። ይህም በእግዚአብሔር ፊት የሚገቡት ቃል ነው። ስለዚህ ሀብቱን ወይም ሹመቱን አይተው አበልጅ የሚይዙ ሰዎች ለልጃቸው ጠባቂ ሳይሆን ለራሳቸው ወዳጅ መርጠዋል። በዚያው ግቢ የሚኖር፥ ሃይማኖቱን የሚያውቅና የሚጾም የሚጸልይ ድኻ ጎረቤት፥ ከክርስትናው ቀን በኋላ ልጁን ከማይጠይቅ ባለጸጋ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ከጥምቀት በኋላ ስለሚሆነው ያስቡ። ሕፃኑ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ይጠመቃል፤ በሜሮን ይታተማል፤ ማዕተብ ይታሰርለታል፤ በዚያው ዕለትም ሥጋ ወደሙን ይቀበላል። ብዙዎች ግን ከዚያ ቀን በኋላ ልጃቸውን ወደ ቍርባን አያቀርቡትም፤ የክርስትና ስሙንም ይረሱታል። ማዕተቡ በአንገቱ ቢቀርና ጸሎት ከቤቱ ቢጠፋ ልጁ ምን ተጠቀመ?

ይህን ሁሉ ለወላጆች የሚነግራቸው ማን ነው? የሮማ ካቶሊካውያን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት የቀኖና ሕግ በቍጥር 851፥ ወላጆችና ክርስትና የሚያነሡ ሰዎች ስለ ምሥጢሩና ስለሚከተለው ግዴታ አስቀድመው እንዲማሩ አዝዘዋል። በሃይማኖት ብንለያይም አሳባቸው የሚነቀፍ አይደለም። እኛም ለዚህ ሥራ የሚሆን ከአባቶቻችን የወረስነው አገልግሎት አለን፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው። ካህኑ ወደ አራስ ቤት ገብቶ ጸሎት አድርሶ ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥና ከላይ የተናገርነውን ቢያስረዳ፥ ከክርስትናው ቀን በፊትም አንድ ጊዜ አበልጁን ጠርቶ ቢያነጋግር ሥራው ተፈጸመ። እናት እስከ ቀኗ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ትምህርቱ ወደ እርሷ ሊሄድ ይገባል።

እናንተም ወላጆች ሆይ፥ ከአገራችሁ ርቃችሁ በፋብሪካው ሰፈር ብትኖሩ የንስሐ አባት ሳትይዙ አትቀመጡ። ልጃችሁ በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ካህን ጠይቁ። የድግሱን ሒሳብ ከመጀመራችሁ በፊት፥ እኛ ብንሞት ይህን ልጅ በሃይማኖት የሚያሳድገው ማን ነው? ብላችሁ ተነጋገሩ። ያን ሰው ካገኛችሁ የክርስትናው ዝግጅት ዋናው ክፍል አልቋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።