ምዕራፍ ስምንት፦ ያደገን ውሻ ከአዲስ ቤት ማላመድ

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. በመንገድ ላይ የሚኖር ውሻ፣ ሰው ጎንበስ ሲል አይቶ የሚሸሸው ለምንድን ነው?
2. «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል ምን ማለት ነው?
3. በሰፈራችሁ ውሻ የሚያዘው እንዴት ነው? ቀን የት ይውላል? ማታስ?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ውሻ ከቤት እንስሳት ሁሉ ቀድሞ ከሰው ልጅ ጋር መኖር የጀመረ እንስሳ ነው። የሁለቱ ወዳጅነት ከ14,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ከመሬት ተቆፍረው የወጡ አጥንቶች ያስረዳሉ። ውሻ መንጋ ይጠብቃል፤ አዳኝን ይከተላል፤ ሌባ ወይም ጅብ ወደ ግቢ ሲጠጋ ጮኾ ባለቤቱን ይቀሰቅሳል። ይሁን እንጂ በከተሞቻችን የሚገኘው ውሻ ሁሉ ባለቤት ያለው አይደለም። ጌታው ቤት ሲለውጥ ትቶት የሄደ፣ ቡችላ ሳለ ከደጅ የተጣለ፣ ወይም እዚያው መንገድ ላይ የተወለደ ብዙ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች በሥጋ ቤቶች ደጃፍና በቆሻሻ ገንዳዎች አጠገብ የሚያድሩት እነዚህ ናቸው። አንዳንድ ቤተሰብ አዝኖለትም ሆነ ጠባቂ ፈልጎ፣ እንዲህ ያለውን ውሻ ወደ ግቢው ያስገባል።

ብዙ ሰው «ያደገ ውሻ አይለምድም» ብሎ ያምናል። በዚህም ምክንያት ወደ ግቢ የገባው ውሻ በመጀመሪያው ሳምንት ቢደበቅ፣ ምግብ እንቢ ቢል ወይም ቢያጉረመርም፣ ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ መልሶ ያባርረዋል። እምነቱ ግን ትክክል አይደለም። ውሻ በማናቸውም ዕድሜው ይማራል። እንዲያውም ያደገ ውሻ ከቡችላ የሚሻልበት ነገር አለ። ቁመቱና ጠባዩ ታውቋል፤ ሽንቱንም ለረጅም ሰዓት መያዝ ይችላል። ችግሩ ውሻው መማር አለመቻሉ አይደለም፤ ቀድሞ የተማረው ነገር መኖሩ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ድንጋይ ነው። የመንገድ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ካየ፣ ድንጋዩ ገና ሳይነሣ እግሬ አውጪኝ ይላል። ሰውየው የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ ቢልም ውሻው ይህን አይለይም። ከጎንበስ ማለት ቀጥሎ ድንጋይ እንደሚመጣ ደጋግሞ አይቷልና። ኢቫን ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሳይንቲስት፣ ከምግብ በፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰሙ ውሾች፣ ከጊዜ በኋላ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚዝረበረብ አሳይቷል። ድምፅ ከምግብ ጋር እንደሚያያዝ ሁሉ፣ ጎንበስ ማለትም ከሕመም ጋር ይያያዛል። አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህንኑ የሚመስል ነገር ታዝበው ነው። በመደጋገም የመጣው ፍርሃት በመደጋገም ሊለዝብ ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜ ይጠይቃል።

ስለዚህ ውሻው ከመምጣቱ በፊት ቦታ ይዘጋጅለት። ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው፣ ሰው የማይተላለፍበት አንድ ጥግ ይመረጥ፤ ደረቅ ጆንያ ይነጠፍበት፤ ንጹሕ ውኃ በአጠገቡ ይቀመጥ። የአጥሩ ቀዳዳ ይደፈን፤ የበሩ መዝጊያ ይፈተሽ። አዲስ የመጣ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በር ክፍት ካገኘ ሊጠፋ ይችላል፤ መልሶ መምጫውን ገና አያውቅምና። ከግቢ ሲወጣም በአንገት ማሰሪያና በገመድ ተይዞ ይሁን። ሌት ተቀን በአጭር ሰንሰለት ማሰር ግን ውሻውን አያላምደውም፤ የሚፈራውን ነገር መሸሽ ስለማይችል ቁጡ ያደርገዋል እንጂ።

የቤት አልባ ውሾች ተንከባካቢዎች አንድ ቀላል መለኪያ አላቸው፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውሻው ባይተዋር ነው። ሊደበቅ፣ ሌሊት ሊያላዝን ወይም ምግብ ሊተው ይችላል። በዚህ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ተጠርቶ ውሻው እንዲታይ ማድረግ፣ ማጠብ ወይም ማቀፍ አይገባም። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቤቱን ሥርዓት መለየት ይጀምራል፤ እውነተኛ ጠባዩም ብቅ ይላል። በሦስት ወር ገደማ ቤቱን ቤቴ ማለት ይጀምራል። መለኪያው ሕግ አይደለም፤ ብዙ የተንገላታ ውሻ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ውሻን ከሁሉ የበለጠ የሚያረጋጋው ነገሮች በየሰዓታቸው መደረጋቸው ነው። ምግቡ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ቦታ ይቅረብለት። ሲበላ ማንም አይጠጋው፤ በመንገድ ላይ ሳለ ጉርሻውን ሲነጠቅ ኖሯልና። ከበላና ከእንቅልፉ ከነቃ በኋላ ሽንቱን እንዲሸና ወደ ተመረጠው ቦታ ይወሰድ፤ እዚያ ሲሸና ወዲያውኑ ይመስገን፤ ትንሽ ጉርሻም ይሰጠው። ከቆይታ በኋላ በጥፋቱ መምታት ግን ዋጋ የለውም። ውሻው ዱላውን ከጥፋቱ ጋር ሳይሆን ከሚመታው ሰው ጋር ያያይዘዋል። ስሙም አጭር ይሁን፤ ቡቺ ከተባለ ሁሉም ቡቺ ይበለው፤ ያ ስም ለቁጣ አይዋል።

ውሻ አፍ አውጥቶ ባይናገርም የራሱ ቋንቋ አለው። ሲፈራ ጭራውን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል። ጭራውን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ብሎታል ማለትም አይደለም፤ ሰውነቱ ደርቆ ጭራው ብቻ ቢንቀሳቀስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማጉረምረም «አትጠጉኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ውሻውን ስላጉረመረመ የሚመታ ሰው ማስጠንቀቂያውን እንጂ ፍርሃቱን አያጠፋም፤ እንዲህ ያለው ውሻ ሌላ ቀን ሳያጉረመርም ሊነክስ ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ ራቅ ማለት፣ ያስፈራው ምን እንደሆነ መለየት ነው። ሊቀርበው የሚፈልግ ሰው ከላዩ ሳይቆም፣ ዓይኑን ሳያፈጥበት፣ ጎኑን ሰጥቶ ቁጭ ይበል፤ ውሻው ራሱ መጥቶ እስኪያሸተው ይጠብቅ።

ሕፃናት ያለ ትልቅ ሰው ከውሻው ጋር ብቻቸውን ሊተዉ አይገባም። በጉ፣ ዶሮዋና ድመቷም ውሻው በገመድ እንደተያዘ ከሩቅ ይተዋወቁት። ቤተሰቡ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ውሻው ብቻውን መቅረቱ አይቀርምና፣ ከቅዳሜና እሑድ ጀምሮ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትቶ በመመለስ፣ ጊዜውንም ቀስ በቀስ በማስረዘም ማለማመድ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የጤናው ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ አማካይነት፣ በተለይም በንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከሰጠ ወዲህ፣ በሽታውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ውሻው ወደ ቤት እንደገባ በእንስሳት ሐኪም ይመርመር፤ ይከተብ፤ የትል መድኃኒትም ይሰጠው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ በሽታው በውስጡ ተደብቆ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊትንና ቁስልን ከማስላስ መጠንቀቅ ይገባል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሌላ መድኃኒት በመፈለግ ጊዜ ሳያባክን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። እንዲሁም ለውሻ ጥሬ ሳንባና ጉበት መስጠት ክልክል ነው። በበጎችና በከብቶች ሳንባና ጉበት ውስጥ ውኃ ቋጥሮ የሚገኘው ዕባጭ በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ደግሞ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ተላልፎ በሰውም ጉበት ውስጥ ተመሳሳይ ዕባጭ ያበቅላል።

ውሻን ከመንገድ አንሥቶ ካስገቡ በኋላ መልሶ ማባረር፣ ከመጀመሪያውም ካለማስገባት የከፋ ነው። ውሻው አሁን ደግሞ ሰው ጠርቶ እንደሚያስገባና መልሶ እንደሚጥል ተምሯል፤ ለሚቀጥለው ቤተሰብ የሚያስረክበውም ይህንኑ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ውሻውን ከማምጣቱ በፊት ማን እንደሚያበላው፣ ማን ወደ ሐኪም እንደሚወስደው፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ተመካክሮ ይወስን። ከወሰነም በኋላ ይታገሥ። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ የወደቀ እርሳስ ሊያነሣ በአጠገቡ ጎንበስ ሲል፣ ውሻው ከተኛበት ሳይነሣ ቀና ብሎ አይቶት ተመልሶ ቢተኛ፣ ቤቱን መልመዱ በዚህ ይታወቃል።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ልጥ፦ ከዛፍ ተልጦ ለማሰሪያ የሚያገለግል ቅርፊት
በረየ፦ ደንግጦ ሸሸ
ባይተዋር፦ በአካባቢው ዘመድም ሆነ ወዳጅ የሌለው፣ እንግዳ
አላዘነ፦ (ለውሻ) ድምፁን አስረዝሞ በኀዘን ጮኸ
ሸጎጠ፦ ደበቀ፣ ወሸቀ
ለዘበ፦ ከኃይለኛነት ወደ ለስላሳነት ተለወጠ

መ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. ውሻው ሰው ጎንበስ ሲል የሚሸሽበትን ምክንያት ከፓቭሎቭ ጥናት ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።
2. ያደገ ውሻ ከቡችላ የሚሻልባቸውን ሁለት ነገሮች ጻፉ።
3. የሚያጉረመርምን ውሻ መምታት ምን ጉዳት ያስከትላል?
4. ውሻ የነከሰው ሰው በቅድሚያ ምን ማድረግ አለበት? ቀጥሎስ?
5. ውሻን መልሶ ማባረር ካለማስገባት የከፋ ነው የተባለው ለምንድን ነው? በዚህ ሐሳብ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ሠ. የአያያዥ ቃላት ልምምድ

«ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «እንዲያውም» ከሚሉት ተስማሚውን መርጣችሁ በባዶው ቦታ አስገቡ።

1. ውሻው በመጀመሪያው ቀን ምግብ አልበላም። ........... ቤተሰቡ ተስፋ አልቆረጠም።
2. የአጥሩ ቀዳዳ አልተደፈነም ነበር። ........... ውሻው ሾልኮ ወጣ።
3. ቡቺ ድመቷን አላባረራትም። ........... አጠገቧ ተኛ።

ረ. ድርሰት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ርእስ በማድረግ፣ ሰውም ሆነ እንስሳ ከአዲስ ቦታ ጋር የተላመደበትን የምታውቁትን አንድ ታሪክ በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የመጣበትን ሁኔታ፣ በሁለተኛው ያጋጠመውን ችግር፣ በሦስተኛው ችግሩ የተወገደበትን መንገድ ግለጹ።