መልካም ሽታና ንጹሕ ጨርቅ

በአጨዳ ጊዜ ማጭድ ጣታችንን ቢቆርጠን ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን ከነጠላችን ጫፍ ቀደን እናስራለን። በወልድያም ሆነ በመርሳ ነጠላው ጢስ ጢስ ይሸታል። እናቶቻችን በወይባ አጥነውታልና። ሽታው ደስ ይላል። ግን ጨርቁ ንጹሕ ነው ወይ?

ስንሠራ ያልበናል። ላቡ ወደ ልብሳችን ይገባል። እርጥበትና እድፍ ባለበት ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል። ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ሕይወት ያለው ነገር ነው። አንዳንዱ ቁስል ገብቶ ያመረቅዛል።

ባክቴሪያን የሚገድል ዘይት ያላቸው ዕፅዋት አሉ። አንዱ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው የደጋው ጦስኝ ነው። ዘይቱ የሚወጣው እንደ አረቄ ነው። ጦስኙ ሲፈላ እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ በቱቦ ያልፋል። ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። በዘይቱ ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ነገሮች አሉ። እነሱ የባክቴሪያውን ሽፋን ይቀዳሉ፤ ባክቴሪያውም ይሞታል።

ታዲያ ዘይቱን ጨርቅ ላይ ብናፈስስስ? አይበቃም። ቶሎ ይተናል፤ የቀረውም በእጥበት ይሄዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዘይቱን በጣም ደቃቅ በሆኑ እንክብሎች ውስጥ ይከቱታል። እንክብሎቹን ከክሩ ጋር ያጣብቋቸዋል። ጨርቁ ሲታሽ ዘይቱ ቀስ በቀስ ይወጣል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የጨርቃ ጨርቅ ተመራማሪዎች ከዕፅዋት የተገኙ ነገሮችን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሞክረዋል። እንዲህ ያለው ጨርቅ ለቁስል ማሰሪያና ለሐኪም ቤት አንሶላ ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም ደጋግሞ ሲታጠብ ኃይሉ ይቀንሳል።

እኛስ በቤታችን ምን እናድርግ? ልብሳችንን በሳሙና ወይም በእንዶድ እንጠብ፤ ፀሐይ ላይ እናስጣ። ለቁስል ማሰሪያና ለሕፃን መጠቅለያ የሚሆነውን ጨርቅ ለይተን እንቀቅል። ደርቆ በንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ። ያልተበረዘ የዕፅዋት ዘይት ቁስል ላይም ሆነ ሕፃን ገላ ላይ አናፍስስ፤ ቆዳ ያቃጥላል። ቁስሉ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ወይባውን እንተው ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ እጥበቱ ይቅደም፤ ማጠኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መልካም ሽታ እድፍን ይሸፍናል እንጂ አያጠራም።

ጥያቄ፦
1. የጦስኝ ዘይት ባክቴሪያን እንዴት ይገድላል?
2. በቤታችን ለቁስል ማሰሪያ የተዘጋጀ ንጹሕ ጨርቅ አለን?