መግራትና መላመድ፦ በእንጦጦና በፈረንሳይ ለጋሲዮን የፈረስና የሰው መተማመን ከመንጋ ጠባይ አንጻር

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው የእንጦጦ ዳገት ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ዛሬም ከሰውና ከመኪና ጋር መንገድ ይካፈላሉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ዐፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ከሰጡት ሰፊና ደን የለበሰ የለጋሲዮን ግቢ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ የለጋሲዮኖቹ ሰውም ሆነ ጭነት ወደ ከተማዋ የሚገባው በጋማ ከብት ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የፈረስ እሽቅድምድምና የጉግስ ሜዳ ሆኖ የኖረው ጃንሜዳ አለ፤ በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የባልደራስ ሰፈርም ስሙ የቤተ መንግሥቱን ፈረሶችና በቅሎዎች ያስተዳድር ከነበረው ሹም ማዕረግ ጋር አንድ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ የፈረስና የሰው ግንኙነት እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዳ የሆነው ግንኙነቱ አሁን የያዘው መልክ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የፈረስ ግልቢያን ከአገልግሎቶቹ አንዱ አድርጎታል፤ ከፓርኩ ውጭም ፈረስ ለጎብኚ ማከራየት የወጣቶች መተዳደሪያ ነው። በዚህ ሥራ ኮርቻ ላይ የሚወጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ፈረስ ነክቶ የማያውቅ፣ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ የሚወርድና ተመልሶ የማይመጣ ነው። ድንገት አንድ የሚያስፈራ ነገር ሲገጥም ፈረሱ ለመረጋጋት ወደ ማን ይመለከታል? ላዩ ላይ ወዳለው ጎብኚ፣ ገመዱን ወደ ያዘው ወጣት ወይስ ከፊቱ ወደሚሄደው ፈረስ? መልሱ የጎብኚውን አጥንት፣ የፈረሱን ደኅንነትና የወጣቱን የዕለት ገቢ ይነካል።

በአማርኛ ፈረስን ለሥራ ማዘጋጀት «መግራት» ይባላል። ቃሉ ለልጅም፣ ለአንደበትም፣ ለጠባይም ያገለግላል፤ በውስጡ ያለው ሐሳብ ግን የሚለወጠው የተገራው ወገን ብቻ ነው የሚል ነው። «መላመድ» በአንጻሩ ሁለቱንም ወገን የሚያንቀሳቅስ ግሥ ነው። ስለ ፈረስ ጠባይ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተደረጉት ጥናቶች የሚደግፉት ሁለተኛውን ግሥ ነው። የነገሥታቱና የመኳንንቱ የፈረስ ስም እንኳ፣ የቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ የዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ የምኒልክ አባ ዳኘው፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ጌታውን በፈረሱ ይጠራል እንጂ ፈረሱን በየማለዳው ውኃ የሚያጠጣውን አሽከር አያነሣም። ፈረሱ ከሁለቱ የበለጠ የሚያውቀው የትኛውን እንደነበር ግን መገመት አያዳግትም።

በመንጋው ውስጥ ማን ይመራል?

ፈረስ በአዳኝ የሚፈለግ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ በመሆናቸው ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ጠባብ ቦታና በቀጥታ ከጭራው በስተኋላ ያለውን ነው። አደጋ ሲመጣ የመጀመሪያው መከላከያው ሽሽት ሲሆን ሁለተኛው ብዛት ነው። ተኝቶ ጥልቅ እንቅልፍ ለመተኛት እንኳ ሌላው ቆሞ እንደሚጠብቅለት ማወቅ ይጠቅመዋል። በነጻ በሚኖሩ ፈረሶች ዘንድ የተለመደው ቡድን አንድ፣ አልፎ አልፎም ከአንድ በላይ ድንጉላ፣ ጥቂት ባዝራዎችና ግልገሎቻቸው ያሉበት ነው። ወጣት ወንዶች ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ወጥተው የራሳቸውን የወንዶች ቡድን ይመሠርታሉ፤ በባዝራዎች መካከል ያለው ቅርበት ግን ለዓመታት ይዘልቃል። በኢትዮጵያ እንዲህ ዓይነቱ ኑሮ በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአገራችን የፈረስ ዓይነቶች ጥናትም የቁንዱዶዎቹን ዱር የገቡ ፈረሶች ከሰላሌ፣ ከባሌ፣ ከቦረና፣ ከሆሮ፣ ከከፋና ከሌሎቹ ለይቶ መዝግቧቸዋል።

ከዚህ ኑሮ ተነሥቶ ፈረስን የማላመድ ዘዴ ያቀረበው እጅግ የታወቀው ሰው አሜሪካዊው ሞንቲ ሮበርትስ ነው። በወጣትነቱ በኔቫዳ ዱር ፈረሶችን ሲመለከት አንዲት መሪ ባዝራ ያጠፋውን ውርንጭላ ከመንጋው አባርራ፣ የመገዛት ምልክት ሲያሳይ መልሳ እንደምትቀበለው አይቻለሁ ይላል። «ጆይን አፕ» የተባለው ዘዴውም ይህንኑ ይኮርጃል፦ ፈረሱን በክብ አጥር ውስጥ ያባርሩታል፤ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ከንፈሩን ሲልስና ሲያላምጥ ማባረሩን ያቆማሉ፤ ፈረሱም ተከትሎ ይመጣል። የዘዴው ትርጓሜ ሰውየው በፈረሱ ዓይን የመንጋ መሪ ሆኗል የሚል ነው። አለንጋና ገመድ ለሚያበዛው የቀድሞ አገራር አማራጭ በማቅረቡ ሮበርትስ ምስጋና ይገባዋል፤ ትርጓሜው ግን ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ገጥመውታል።

የመጀመሪያው ከሜዳ የመጣ ነው። ኮንስታንዘ ክሩገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ዱር በገቡ ፈረሶች ዘንድ ጉዞ የሚጀምረው አንድ የታወቀ መሪ ሳይሆን የተለያዩ የመንጋው አባላት መሆናቸውን አሳይተዋል። ድንጉላው ከኋላ ሆኖ መንጋውን ይሰበስባል እንጂ ሁልጊዜ ከፊት አይወጣም። ማዕረግ አለ፤ ውኃና መኖ ሲያንስ በግልጽ ይታያል። ማዕረግና መከተል ግን አንድ አይደሉም፤ ፈረስ የሚያባርረውን ይሸሻል፣ የሚተማመንበትን ይከተላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአጥሩ ውስጥ የመጣ ነው። ይኸችው ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2007 በክብ አጥር ውስጥ ሰውን መከተል የተማሩ ፈረሶች ወደ ግጦሽ ሜዳ ሲወጡ ያንኑ ጠባይ ይዘው እንዳልወጡ ዘግባለች። በ2012 ደግሞ በአውስትራሊያ ካትሪን ሄንሻልና ባልደረቦቿ ሰውን ከነጭራሹ አስወጥተው በርቀት መቆጣጠሪያ የሚነዳ የአሻንጉሊት መኪና ተጠቀሙ። መኪናዋ ፈረሱ ሲሸሽ ታሳድዳለች፣ ወደ እርሷ ሲዞር ትቆማለች። ፈረሶቹ ለመኪናዋም ተገቢውን ምላሽ ተማሩ። አሻንጉሊት መኪናን የመንጋ እናት ናት ማለት ስለማይቻል፣ ፈረሱን የሚያስተምረው ማዕረግ ሳይሆን ጫናው የሚነሣበት ቅጽበት ነው ወደሚለው መደምደሚያ ያደርሳል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ በዕለት ሥራ ላይ ግን ውጤቱ ሰፊ ነው። ራሱን የመንጋ አለቃ አድርጎ የሚያይ ሰው ፈረሱ አልሄድም ሲል እንደ አመፅ ይቆጥረዋል፤ አመፅ ደግሞ ቅጣትን ይጠራል። ጫናን ማንሣት ያስተምራል ብሎ የሚያምን ሰው ግን «ዛቡን የለቀቅሁት መቼ ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ፈረስን በቁጣ መያዝ እንደማይገባ ሲጽፍ የተናገረው ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ማከክ፣ መኖና የልብ ምት

መንጋ የሚጸናው በማባረር ሳይሆን በቅርበት ነው። ጓደኛሞች ፈረሶች ጎን ለጎን ተገላብጠው ቆመው አንዱ የሌላውን ዝንብ በጭራው ያባርራል፤ ጋማው በሚያበቃበት የትከሻ ጉብታ አካባቢም በጥርስ ይተካከካሉ። ክሎዲያ ፌህና ደ ማዚየር እ.ኤ.አ. በ1993 በካማርግ ፈረሶች ላይ ባደረጉት ጥናት የሰው እጅ ያንኑ ቦታ ሲያክ የፈረሱ የልብ ምት እንደሚቀንስ፣ ሌላ ቦታ ሲያክ ግን እንደማይቀንስ አረጋገጡ። ፈረሰኛ ሁሉ ግንባርና አፍንጫ ለመንካት ይቸኩላል፤ የፈረሱ የራሱ ቋንቋ ግን ከትከሻ ይጀምራል።

ይህ ግኝት ተወዳጅ ስለሆነ ከመጠን በላይ ተለጥጧል። ካሮል ሳንኬና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳይ ፈረሶችን በቃል ትእዛዝ ጸጥ ብሎ መቆምን ሲያስተምሩ ከፊሉን በመኖ፣ ከፊሉን ትከሻውን በማከክ ሸለሙ። በመኖ የተሸለሙት ፈጥነው ተማሩ፤ ሰውንም የበለጠ ፈለጉ። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ አይመስልም። መተካከክ የቆዩ ጓደኛሞች ጠባይ ነው፤ ከማይታወቅ እጅ ሲመጣ ያው ድርጊት ያው ትርጉም ላይኖረው ይችላል። በመንጋ ውስጥም ቢሆን አብሮ መጋጥ ከመተካከክ ይቀድማል።

ፈረስ ሰውን የሚያነብበው በእጅ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ፈረሶች የተቆጣ ሰው ፊት ፎቶግራፍ ሲያዩ የልብ ምታቸው ቶሎ እንደሚጨምር አሳይተዋል። የስዊድኗ ሊንዳ ኪሊንግና ባልደረቦቿ በ2009 ያደረጉት ሙከራ ለእንጦጦ የበለጠ ይቀርባል። ሰዎች ፈረስ እየመሩ ወይም እየጋለቡ አንድን መንገድ ደጋግመው እንዲሄዱ ተደረገ፤ በአራተኛው ዙር ጃንጥላ በድንገት እንደሚከፈት ተነገራቸው። ጃንጥላው አልተከፈተም። ሆኖም የሰዎቹ ልብ መምታት ሲጨምር የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። በፍርሃት የተጨበጠ ዛብ ለፈረሱ ራሱን የቻለ የአደጋ ወሬ ነው።

ተከትሎ መሄድ መታመን ነው?

ጎብኚዎች በቡድን ወደ እንጦጦ ሲመጡ ፈረሶቹም በባሕር ዛፉ መካከል ተከታትለው ይወጣሉ። ሰልፉ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ጎብኚው ፈረሱ የታዘዘለት፣ ወጣቱም ፈረሱ የታመነለት ይመስለዋል። የመንጋ ጠባይ ለሚያውቅ ተመልካች ግን ኋለኛው ፈረስ የሚከተለው የፊተኛውን ፈረስ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው አንዱ ለብቻው ወደ ሌላ መንገድ ሲመራ ነው፦ አንገቱን ያቀናል፣ ያሽካካል፣ ይቆማል፣ ወደመጣበት ይዞራል። ይህን ጊዜ «አመለኛ» የሚል ስም ይወጣለታል። አመሉ ግን ፈረስነቱ ነው፤ በመንጋ የሚያምን እንስሳ መንጋውን ሲቀሙት ሌላ የሚያምነው ከሌለ የሚያደርገውን ማድረጉ ነው።

በአዊ ያለው ሁኔታ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር እጅግ ብዙ ፈረስ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ፈረሱ ሰው በሞላበት፣ እልልታና ጭብጨባ ባለበት ቦታ ይጋልባል። በአዊ ፈረስ ለእርሻም ለጉዞም የሚያገለግል የቤተሰብ ሀብት ነው፤ በበዓሉ ቀን የሚጋልበው ሰው በአዘቦቱ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። የእንጦጦው የኪራይ ፈረስ ከመኖው ጋር የሚያገናኘው ሰው አንድ፣ ጀርባው ላይ የሚወጣው ደግሞ በቀን ብዙ ነው። በጎ ስሜቱ ሊያርፍበት የሚችለው ገመድ በያዘው ወጣት ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወጣቱ በየጊዜው ሲቀያየር የሚጠፋው ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻው ዛቡ ነው። ልምድ የሌለው ጎብኚ ሚዛኑን ለመጠበቅ ዛቡን አጥብቆ ይይዛል፤ ልጓሙ የፈረሱን አፍ ያለማቋረጥ ይጫናል። ፈረሱ ቢቆምም፣ ቢሄድም፣ ቢዞርም ጫናው አይነሣም። ከላይ እንደታየው የሚያስተምረው የጫናው መነሣት ከሆነ፣ ይህ ፈረስ የሚማረው ምንም ቢያደርግ ለውጥ እንደሌለ ነው። የሥነ ጠባይ ተመራማሪዎች የተማሩት ተስፋ መቁረጥ የሚሉት ሁኔታ ከውጭ ሲያዩት ጨዋነት ይመስላል፤ ራሱን ዝቅ ያደረገ፣ ጆሮው የማይንቀሳቀስ፣ ለማንም የማይዞር ፈረስ ለጀማሪ ጎብኚ ተመራጭ ነው። እንዲህ ያለው ፈረስ ከሰውም ከመንጋውም የተቋረጠ ነው፤ የድንዛዜው ሽፋን ሲቀደድም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። የጎብኚውን እጅ ከዛቡ አንሥቶ ኮርቻው ላይ ወይም ጋማው ላይ ማስያዝ፣ ምሪቱንም ለወጣቱ መተው ገንዘብ የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው።

በዚህ ርእስ ለሚሠራ የመስክ ጥናት እንጦጦ ምቹ ነው፦ ፈረሶቹ በተመሳሳይ ዳገት፣ ተመሳሳይ ሥራ፣ ከታወቁ ያዦች ጋር ይሠራሉ። የክሩገር ግኝት እንደሚያስጠነቅቀው መለኪያው በአጥር ውስጥ ሳይሆን በገላጣ ሜዳ መሆን አለበት። ፈረሱን ከጓደኞቹ ለይቶ አንድ ጊዜ ከለመደው ያዥ ጋር፣ ሌላ ጊዜ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድን መንገድ ማስኬድና የልብ ምቱን መመዝገብ ይቻላል፤ ያዡ በዚያ ሰዓት የሚያጣው ገቢ ከጥናቱ በጀት ሊከፈለው ይገባል። የልብ ምት መለኪያ ባይገኝ እንኳ የመጀመሪያው መረጃ በሰዓትና በማስታወሻ ደብተር ሊሰበሰብ ይችላል። ከሥራ በኋላ ኮርቻና ልጓም ይወልቃሉ፤ ጓደኞቹ በአንድ ወገን፣ ያዡ ባዶ እጁን በሌላ ወገን በእኩል ርቀት ይቆማሉ፤ ፈረሱ ወደ የትኛው እንደተራመደ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተራመደና ሲራመድ ጆሮው ወዴት እንደነበር ይጻፋል።