የየአገሩ ዳቦና ቂጣ፤ የበቆሎም ምሥጢር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዳቦና ስለ ቂጣ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ሁሉ እህል ይበላል። አሠራሩ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ደገኛው እንጀራ ይጋግራል። በባሮ ዳር አኙዋኩና ኑዌሩ ከበቆሎና ከማሽላ ገንፎ ያገነፋል። ይህ የሆነው አንዱ ብልኅ፣ ሌላው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ሕዝብ ያለውን እህል ጠባይ አጥንቶ ነው።

ሀ. እህሉ ዳቦውን ይወስናል

የስንዴ ዱቄት በውሃ ሲለወስ እንደ ሙጫ ይሳባል። እርሾ ሲገባበት በሊጡ ውስጥ አየር ይፈጠራል። ሙጫውም አየሩን ይዞ ያስቀረዋል። ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ግብፆች እርሾ ያለው ዳቦ መጋገር ከጀመሩ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዛሬም ዳቦን «ዐይሽ» ይሉታል፤ ሕይወት ማለት ነው። በሕንድ አገር ደግሞ ስንዴውን ያለ እርሾ ለውሰው፣ በስሱ ጠፍጥፈው፣ ቻፓቲ የሚባል ቂጣ ይጋግራሉ።

በቆሎና ማሽላ ግን ይህ ሙጫ የላቸውም። እርሾ ቢገባባቸውም አየሩ ያመልጣል። ታዲያ ምን ይሻላል? እናቶቻችን መላውን አግኝተዋል። ከተቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሰው በፈላ ውሃ ያበስሉና መልሰው ይቀላቅሉታል። አብሲት የሚባለው ይህ ነው። አብሲቱ ሊጡን አወፍሮ አየሩን ይይዛል፤ እንጀራውም ዓይን ያወጣል።

ባሮን ተከትላችሁ ወደ ሱዳን ብትወርዱ፣ የማሽላ ሊጥ አቡክተው በጋለ ምጣድ ላይ በስሱ እየዳመጡ ኪስራ ይጋግራሉ። ኪስራ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። የእንጀራ ዘመድ ነው ብንል አንሳሳትም። በ1902 በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ እስከ 1956 ድረስ ከሱዳን በኩል ይተዳደር ነበር። በዚያ ዘመን ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣ ነበር፤ ቡና ጭኖም ይመለስ ነበር። ዕቃና እህል እንዲህ ከአገር አገር ይሄዳል። ሙያው ግን ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም። ለዚህም በቆሎ ምስክር ነው።

ለ. በቆሎው ሄደ፤ ሙያው ቀረ

የበቆሎ ጥንተ አገሩ ሜክሲኮ ነው። የሜክሲኮ ሰዎች በቆሎውን ከኖራ ጋር ይቀቅላሉ፤ ያሳድሩታል፤ አጥበው በድንጋይ ይፈጩታል። ከዚያም እንደ ምጣዳችን ባለ ሸክላ ላይ ቶርቲያ የሚባል ቂጣ ይጋግራሉ። ኖራው የበቆሎውን ሽፋን ያላቅቃል። ሌላም ትልቅ ሥራ አለው። በበቆሎ ውስጥ ናያሲን የሚባል ለሰውነት የሚያስፈልግ ነገር ይገኛል። ዳሩ ግን እንደ ተቆለፈ ሣጥን ነው፤ ሰውነታችን አያገኘውም። ኖራው ሣጥኑን ይከፍተዋል።

ከ1492 በኋላ አውሮፓውያን በቆሎውን ወሰዱ። ሙያውን ግን እዚያው ትተውት ሄዱ። በእስጳንያና በሰሜን ኢጣልያ ከበቆሎ በቀር የሚበላው የሌለ ድሃ ገበሬ ፔላግራ በሚባል በሽታ ተያዘ። ፔላግራ ፀሐይ የሚያገኘውን ቆዳ ያጠቁራል፣ ይልጣል። ያስቀምጣል። አእምሮን ያውካል። ካልታከመ ይገድላል። ብዙ ሰዎች በሽታው የሚተላለፍ ይመስላቸው ነበር። ጆሴፍ ጎልድበርገር የሚባል የአሜሪካ ሐኪም ግን ከ1914 ጀምሮ ባደረገው ምርምር ምክንያቱ የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳየ።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። በ1990 በማላዊ የተጠለሉ የሞዛምቢክ ስደተኞች በቆሎ እየተሰፈረላቸው ይኖሩ ነበር። ከበቆሎው ጋር ይሰጣቸው የነበረው ኦቾሎኒ ሲቋረጥ፣ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች በፔላግራ ታመሙ። በቆሎው አልጎደለም፤ የጎደለው ኦቾሎኒው ነው።

ሐ. ለእኛ ምን ይጠቅማል?

በቆሎ መጥፎ እህል አይደለም። የባሮ ውሃ ሲሸሽ በእርጥቡ አፈር ላይ ይዘራል፤ ቶሎም ደርሶ ከረኃብ ያወጣል። ብቻውን ግን አይበቃም። አባቶቻችሁ ገንፎውን በዓሣና በወተት ሲበሉ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ትክክለኛውን ሠርተዋል። ይህ ሙያ እንዳይጠፋ፦

1. ከበቆሎ ጋር ዓሣ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቦሎቄ ወይም ኦቾሎኒ ብሉ። አምባዛ በሚበዛበት ወራት አድርቃችሁ ለችግር ጊዜ አስቀምጡ።
2. በበቆሎው ማሳ ቦሎቄም ዝሩ።
3. የሻገተ በቆሎ አትፍጩ። የሻጋታው መርዝ በእሳት አይጠፋም።
4. የግድግዳ ኖራ በምግብ ውስጥ አትጨምሩ። የሜክሲኮዎቹ ኖራ ለምግብ የሚሆን ነው፤ እኛ ዓሣውና ቦሎቄው ይበቃናል።
5. ቆዳው የጠቆረና የተላጠ፣ ተቅማጥም የያዘው ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እንግዲህ አዲስ እህል ሲመጣላችሁ ዘሩን ብቻ አትቀበሉ። «ባለቤቶቹ እንዴት ይበሉታል? ከምን ጋር ይበሉታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አዲስ ቃላት
ናያሲን፦ ቆዳን፣ ሆድንና አእምሮን በጤና የሚጠብቅ በምግብ ውስጥ የሚገኝ ነገር።
ፔላግራ፦ በናያሲን እጥረት የሚመጣ በሽታ።

ጥያቄዎች
1. የበቆሎ ሊጥ እንደ ስንዴ ኩፍ የማይለው ለምንድን ነው?
2. በማላዊ ስደተኞቹ በቆሎ እያላቸው ለምን ታመሙ?
3. በእናንተ ቤት በቆሎ ከምን ጋር ይበላል? ዓሣና ወተት በሚጠፋበት ወራትስ? በመማሪያ ጣቢያችሁ ተወያዩበት።